የባጃጅ ሞተር ሲወርድ ቀፎውን እንዴት እንጠበው

ለፒስተን፣ ለፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) እና ለኩሽኔታ (ዘንግ እንዲዞር አቅፎ የሚይዘው ቀለበት) ያን ሁሉ ብር ካወጣህ በኋላ ቀፎውን በናፍጣ አለቅለቅ አድርገህ መልሰህ ከገጠምከው፣ ብሩን ቦርከና ወንዝ እንደጣልከው ቁጠረው። ቀፎ የምለው ክራንክ ሻፍቱን (ፒስተኑ የሚያዞረውን ዘንግ) እና ማርሹን አቅፎ የሚይዘውን፣ ለሁለት የሚከፈለውን አሉሚኒየም ነው። ለሞተር ሳይክልም ያው ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገርህ። አንድ ጊዜ ደሴ ውስጥ ዳገት ሲወጣ ሲወርድ ያረጀ የባጃጅ ሞተር አወረድኩ። ቀፎው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። እኔ ደግሞ ባለቤቱ ሲያየው እንዲደነግጥ ፈለግኩና አሸዋ በአየር እየነፉ ብረት የሚያጸዱ ሰዎች ጋ ወሰድኩት። እንደ አዲስ ሳህን እያብረቀረቀ መጣ። ባለቤቱም እውነትም ደነገጠ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ፣ ስከፍተው በዘይት መተላለፊያዋ ቀዳዳ ጥግ ተደብቆ የቀረው አሸዋ ከዘይቱ ጋር እየዞረ አዲሱን ኩሽኔታ በልቶታል። ከዚያ ወዲህ ውጩ ቢጠቁርም ግድ የለኝም። ውስጡ ግን ንጹሕ መሆን አለበት።

እጥበቱ የሚጀምረው ሞተሩ ሳይከፈት ነው። የካርቦሬተሩንና የጭስ ማውጫውን አፍ በጨርቅ ድፈን። ጭቃውን በእንጨት ፋቅ ፋቅ አድርገህ አራግፍ፣ ናፍጣ ቀባው፣ ትንሽ አቆየውና በብሩሽ እሸው። ላቫጆ ካለ ውሃ ማስነፋት ትችላለህ፣ ብቻ ውሃውን ኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ላይ አታነጣጥር። ይህን ካልሠራህ ቡሎን በፈታህ ቁጥር የውጩ አፈር ወደ ውስጥ ይገባል።

ከተከፈተ በኋላ ኩሽኔታው ይውጣ። ኩሽኔታ ያለበትን ቀፎ አትዘፍዝፍ፣ ቆሻሻው ሁሉ እዚያ ነው የሚሰበሰበው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ፣ ቀፎውን እስከ 100 ወይም 120 ዲግሪ ካሞቅከው ኩሽኔታው ያለ ብዙ ዱላ ይወጣል፣ አንዳንዴም ራሱ ዱብ ይላል። የውሃ ጠብታ ስታደርግበት ጭስስ ብላ ከተነነች ደርሷል። እኔ አሮጌ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ። እንጀራ የሚጋገርበት ላይ እንዳትሞክረው፣ የዘይቱ ሽታ ከምጣዱ አይለቅም፣ እናቴ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። በጋዝ እሳት አንድ ቦታ ላይ መለብለብም ይቅር። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው፣ እንደ ብረት ቀይ ሆኖ አያስጠነቅቅህም፣ ከመቅለጡ በፊትም ይጣመማል።

አሁን ወደ ሳፋው። ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ አድርገህ ዘፍዝፈው። ስንት ሰዓት? ቡና ተፈልቶ ከአቦል እስከ በረካ ቢቆይ ለተራ ቅባት ይበቃዋል። እንደ ሙጫ ለደረቀ የተቃጠለ ዘይት ግን ይደር። ቡናው ራሱ ሌላ ቤት ይፈላ፣ ከሰል ካለበት አጠገብ ይሄን ሥራ አትሥራ። ቤንዚን ቶሎ ያጸዳል ብለው የሚመክሩህ አሉ፣ እውነት ነው ያጸዳል፣ ግን ትነቱ መሬት ለመሬት ሄዶ ሩቅ ያለ እሳት ያገኛል፣ ስለዚህ እኔ ቤንዚን ለእጥበት መጠቀም ትቻለሁ።

ሁለት ነገር ጭራሽ አታስገባ። አንዱ ኮስቲክ ሶዳ ነው። ብረት ላይ ጎበዝ ነው፣ አሉሚኒየምን ግን ይበላዋል፤ የሚንተከተከው አረፋም ቆሻሻው ሲለቅ ሳይሆን ቀፎህ ሲሟሟ ነው፣ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ሃይድሮጅን ስለሆነ እሳት ካገኘ ይፈነዳል። ሁለተኛው የባትሪ አቼዶ (አሲድ) ነው። ውጩ ላይ ነጭ ዝገት ካለ የወጥ ቤት አቼቶ በውሃ አቅጥነህ ለጥቂት ደቂቃ ቀብተህ እጠበው፣ ይበቃል።

አሮጌ ጓርኒሲዮን (በሁለቱ ቀፎዎች መሃል ዘይት እንዳያልፍ የሚገባው ወረቀት) ማንሳት ላይ ብዙ ሰው ቀፎ ያበላሻል። ካቻቢቴ አንስቶ መፋቅ! አንዲት ጭረት ካለች ዘይት በዚያ ይወርዳል፣ ያኔ ደግሞ ሲሊኮን እንደ ቅቤ መለቅለቅ ይመጣል፣ የተረፈው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተቆርጦ የዘይት መንገድ ይዘጋል። እኔ የምጠቀመው የወይራ እንጨት ነው። እንደ መሮ አድርገህ ትስለዋለህ፣ ጠንካራ ነው፣ አሉሚኒየሙን ግን አይጭርም፣ ጫፉ ሲደንዝ መልሰህ ትስለዋለህ። አስቀድመህ ጓርኒሲዮኑን በቲነር አርሰህ ተወው። እንቢ ካለ ደግመህ አርሰው፣ ጉልበት አትጨምር።

አረንጓዴዋ የሰሃን መፈግፈጊያም እንዲሁ ተንኮለኛ ናት። ስትነካት ለስላሳ ትመስላለች፣ ግን የምታራግፈው ብናኝ ፈጪ ነው። ለውጩ ካልሆነ በቀር አትጠቀማት። የድስት ሽቦም ክሩ እየተሰበረ ይቀራል። ለውስጡ የጥርስ ብሩሽና ናይለን ብሩሽ ነው የሚያዋጣው።

ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በላርጎ ይታጠባል። ናፍጣ ብቻውን አይበቃም፣ የሚተወው ስስ ቅባት አቧራ ይይዛል። በደንብ አለቅልቀው፣ በየዘይት ቀዳዳው ውሃ አፍስስና በሌላው ጫፍ ሲወጣ በዓይንህ እይ። የማይወጣ ካለ ተዘግቷል ማለት ነው፣ በፍሬን ሽቦ ክር ቀስ አድርገህ ክፈተው። ከዚያ በኮምፕሬሰር ከሁለቱም ጫፍ ንፋው። መነጽር አድርግ፣ እኔ አንዴ ዓይኔን አግኝቶኛል። ክረምት ላይ የደሴው ጦሳ ተራራ ጭጋጉን ከለበሰ ፀሐይ አትጠብቅ፣ ንፋስ ሰጥተህ ያቺው አሮጌ ምጣድ አጠገብ አድርቀው። የብረት ቀለበት የተቀበረባቸውን ቦታዎች ወዲያው ዘይት ቀባቸው፣ ካልሆነ በማግስቱ ዝገው ታገኛቸዋለህ።

የቡሎን ጉድጓዶችን አትርሳ። ጫፋቸው የተደፈነው ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ፣ ቡሎኑን ስታጠብቅ ፈሳሹ መሄጃ ስለሚያጣ ቀፎውን ይሰነጥቀዋል። አንድ አሮጌ ቡሎን በመጋዝ ጎኑን ሰንጥቀህ በእጅህ አስገባና አውጣ፣ ጥርሱ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ጠርጎ ያወጣልሃል፣ ከዚያ ንፋው።

ቀፎው ሲነጣ ነው ስንጥቅ የሚታየው። ካጠራጠረህ ነጭ ጋዝ ቀባ፣ ትንሽ ቆይተህ በጨርቅ ደረቅ እስኪል ጥረገው፣ ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ በስሱ ነስንስበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ወደ ጠመኔው እየወጣ ጥቁር መስመር ይሠራል። ብዙ ጊዜ ኩሽኔታ መቀመጫ ዙሪያና የሞተር ማሰሪያ ጆሮዎች ላይ ፈልግ። አሉሚኒየም የሚበይድ ባለሙያ ካገኘህ አሁን ነው ጊዜው፣ ከተበየደ በኋላ ግን እጥበቱ እንደገና ከሀ ይጀመራል። አዎ፣ ያናድዳል።

የሞተር ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ማሽንም ሆነ በሞረድ አትንካው። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ሲመሳከር ካልተነበበ ሞተሩ ቢዘፍንም ምርመራ ላይ ትቆማለህ። በጨርቅና በነጭ ጋዝ ብቻ ጥረገው።

ያገለገለውን ናፍጣ ቦርከና አትድፋ፣ ታች ከብት ይጠጣዋል። ጀሪካን ውስጥ አስቀምጠው፣ ቆሻሻው ሲዘቅጥ ላዩ ይጠራል፣ ለሌላ ሞተር የመጀመሪያ እጥበት ይሆናል።

በመጨረሻ ነጭ ጨርቅ ውስጡን አስኪደው። ክሩ የሚረግፍ ነጠላ አይሁን፣ አሮጌ ሸሚዝ ይሻላል። ግራጫ ይዞ ከወጣ ወደ ሳፋው ተመለስ። ነጭ ሆኖ ከወጣ ስስ ዘይት ቀብተህ በንጹሕ ላስቲክ ጠቅልለው፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እስኪመጣ ቀን ሊወስድ ይችላልና። የማዳበሪያ ከረጢት እንዳይሆን ብቻ፣ ጥጉ ውስጥ የቀረው ማዳበሪያ እርጥበት ስቦ አሉሚኒየሙን ያነጣዋል፣ ክሩም በየቀዳዳው ይሰካል።