ነዳጅ ማደያ ሊሠራ የታሰበበትን ቦታ እንዴት እንመዝናለን?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱም ሆነ በኮዬ ፈጬ በኩል፣ አዲስ መንገድ ሲከፈት ቤትም ማደያም ተከትለውት ይመጣሉ። ከግቢዎ አጠገብ የታንከር ጉድጓድ መቆፈር ከጀመረ፣ ወይም ማደያ አጠገብ ቤት ሊገዙ ካሰቡ፣ ባለሙያ ባይሆኑም ቦታውን መመርመር ይችላሉ።

መጀመሪያ ተዳፋቱን ይመልከቱ። ሰው የሚፈራው ፈሳሹን ነው፤ የሚቀጣጠለው ግን ትነቱ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ስለሚከብድ ምድር ለምድር እየተሳበ ወደ ቦይ፣ ወደ ምድር ቤትና ወደ ዝቅተኛ ግቢ ይወርዳል። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንኳ ሊቀጣጠል ይችላል፤ የደጋው ብርድ አያስጥልም። ርቀታቸው እኩል ከሆነ፣ ከማደያው በታች ያለው ቤት ከላይ ካለው ይበልጥ ያሠጋል። በዝናብ ቀን ይሂዱና ጎርፉን ይከተሉ፤ ነፋስ ካልበተነው ትነቱም የሚወርደው በዚያው ነው።

ቀጥሎ ቦቴው የት ቆሞ እንደሚያራግፍ ይጠይቁ። ቤንዚኑ ወደ ታንከር ሲገባ በውስጡ የነበረውን ትነት በመተንፈሻ ቱቦው ገፍቶ ያስወጣል። ያ ቱቦ የማንም መስኮት አጠገብ መሆን የለበትም። ቦቴውም አደጋ ቢነሣ ወደ ኋላ ሳይል ፊት ለፊት የሚወጣበት በር ያስፈልገዋል። በአጥሩ ሥር ከሰል አቀጣጥላ ቡና የምታፈላ እናት ካለች፣ ስለ ትነቱ የነገራት ሰው ላይኖር ይችላል። መባረር አይገባትም፤ ራቅና ከፍ ያለ ቦታ ሊሰጣት ይገባል።

ውሃውንም አይርሱ። ዝጎ የሚያፈስ ታንከር ለዓመታት ሳይታወቅ አፈሩን ሊበክል ይችላል፤ በነዳጁ ውስጥ ያለው ቤንዚን (benzene) የተባለው፣ ስሙ ከነዳጁ ጋር የሚመሳሰለው ኬሚካል ደግሞ የደም ካንሰር ያመጣል። ከተማዋ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ስለምትጠጣ፣ በዚያ አካባቢ የሚቀበር ታንከር የሁላችንም ጉዳይ ነው። በግቢዎ ወይም በሰፈሩ የውሃ ጉድጓድ ካለ ቦታውን ይመዝግቡ።

ከዚያ ከጎረቤት ጋር ተማክረው ማመልከቻ ይጻፉ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማው ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብ ያዛል፤ ስለዚህ ሰነዱን ማየት ልመና አይደለም። የተዳፋቱን፣ የቦዩንና የውሃ ጉድጓዱን ፎቶግራፍ ያያይዙ። ታንከር ከተቀበረ በኋላ ቦታ ማስለወጥ እጅግ ከባድ ነውና ቁፋሮው ሳይገፋ ያስገቡ፤ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይም የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስመቱ።