«68.8 በመቶ» ሲባል ከምን ላይ? የልቀት ቅነሳ ዕቅድን በእርሳስና በወረቀት ማንበብ

ባሕር ዳር ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አምና አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ብሪታንያ በካይ ጋዝ በ68 በመቶ፣ እኛ ደግሞ በ68.8 በመቶ እንቀንሳለን ተብሏል። በለጥናቸው ማለት ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ልቤን ነካው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ቁጥር ስንሰማ አብረን ቁጭ ብለን እንፈትሸዋለን። እርሳስ፣ ወረቀትና የስልክ ካልኩሌተር ካለዎት እርስዎም ይችላሉ።

መጀመሪያ ከመቶኛው አጠገብ «ከምን ላይ?» ብለው ይጻፉ። ዋናው ነገር እዚህ ነው። እኔ በከሰል ነው የማስረዳው። አንድ ቤት አምና 2 ጆንያ ከሰል ፈጀ እንበል። ዘንድሮ ሠርግ ስላለ 6 ይፈጃል ተብሎ ተገመተ። እናትየው «በግማሽ እቀንሳለሁ» አለችና በ3 ጆንያ ተወጣችው። ቃሏን ጠብቃለች፤ ከአምናው ግን 1 ጆንያ ጨምራለች። ጎረቤቷ ደግሞ አምና ከፈጀችው 2 ጆንያ ግማሹን ቀንሳ በ1 ከረመች። እሷም የምትለው «በግማሽ ቀነስኩ» ነው። ቃሉ አንድ፣ ከሰሉ ለየቅል።

ብሪታንያ እንደ ጎረቤቲቱ ናት። 68 በመቶው የሚቀነሰው እ.ኤ.አ. በ1990 ከለቀቀችው ላይ ነው። የእኛ አቆጣጠር የሠርግ ቤቷ ዓይነት ነው። ኢትዮጵያ በ2021 ለተባበሩት መንግሥታት ባስገባችው ሰነድ፣ ነገሩ በነበረበት ከቀጠለ በ2030 ልቀታችን 403.5 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል ይላል። 68.8 በመቶው የሚቀነሰው ከዚህ ግምት ላይ ነው።

ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉ። 2030 ማለት በእኛ 2022 አልቆ 2023 ዓ.ም. የሚገባበት ነው። ሩቅ አይደለም።

ቀጥሎ መቶኛውን ወደ ቶን ይለውጡ። ከ403.5 ላይ 68.8 በመቶ ሲነሳ 126 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይቀራል። አሁን ይህን ካለፈ ዓመት ጋር ያስተያዩት። ሰነዱ የ2010ን ልቀት 247 ሚሊዮን ቶን ይለዋል። ስለዚህ ዕቅዱ በሙሉ ከተሳካ ከ2010 ጋር ሲነጻጸርም በግማሽ ገደማ እንወርዳለን። ከሠርግ ቤቷ የሚለየን ይህ ነው፤ እኔ በግሌ ትልቅ ቃል ነው እላለሁ። ቶኑ የመኪና ጭስ ብቻ አይደለም። ከብቶቻችን የሚያወጡት ሚቴንም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመንዝሮ ይገባበታል።

እንደ ሕንድ ያሉት በሌላ መንገድ ይቆጥራሉ። የ2030 ዕቅዷ ኢኮኖሚዋ ለሚያመነጨው ለእያንዳንዱ ገንዘብ (በእኛ ለእያንዳንዱ ብር እንደ ማለት) የምትለቀውን ከ2005 አንጻር በ45 በመቶ መቀነስ ነው። ኢኮኖሚው በፍጥነት ካደገ ጠቅላላ ልቀቱ ሊጨምር ይችላል። እዚህ ላይ «በየስንቱ?» ብለው ይጻፉ።

ከዚያ «በማን ገንዘብ?» ይበሉ። ዜና ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው። ከ68.8ቱ ውስጥ በራሳችን አቅም እንሠራዋለን ያልነው 14ቱን ነው። የቀረው 54.8 የውጭ ድጋፍ ከተገኘ ነው። ለጠቅላላው ሥራ ያስፈልጋል የተባለው 316 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን ከዚህ ውስጥ 80 በመቶው ከውጭ ይጠበቃል። ተማሪዬ 14 በመቶውን ብቻ ይዛ ስታሰላ 347 ሚሊዮን ቶን መጣላት። «ቲቸር፣ ይሄማ ከ247ቱ በ100 ይበልጣል!» አለች። ትክክል ናት። እኔ ግን አላፍርበትም። ገና መብራት ያልገባላቸው ብዙ ቤቶች አሉን። አየሩን ቀድመው የሞሉት ባለ ፋብሪካዎቹ አገሮች ናቸው፤ ወጪውን መጋራት አለባቸው።

በመጨረሻ ቅነሳው ከየት እንደሚመጣ ይዩ። የእኛ አብዛኛው የሚጠበቀው ከደንና ከመሬት አጠቃቀም ነው። ስለዚህ በየክረምቱ ስንት ችግኝ እንደተተከለ ብቻ ሳይሆን ስንቱ እንደጸደቀ፣ የቆመውስ ደን ስንቱ እንደተረፈ ይጠይቁ።

በ2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። ተማሪዬ ያኔ የምትጠይቀውን ከወዲሁ ደብተሯ ጀርባ ላይ ጽፋዋለች፦ «ከ54.8ቱ ስንቱ መጣ?»