የሮምን ዲናር ስታዩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ዲናር የጥንት ሮማውያን የብር ሳንቲም ነው። ከማጽዳት እንጀምር። በቅርቡ አንድ ጎበዝ ልጅ የመጀመሪያ ዲናሩን ሊያሳየኝ ይዞ መጣ። በጥርስ ሳሙና ፈግፍጎት ያብለጨልጫል። አንጀቴ ነው ያረረው። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፤ ብሩ በዘመናት ውስጥ የያዘው ቀለም ነው። አንዴ ከተፈገፈገ አይመለስም፤ የተቀረጸው ምስል የፀጉሩና የልብሱ ስስ መስመሮችም አብረው ይጠፋሉ። እባካችሁ አትንኩት።

«ቄሳር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሁሉ የዩልዮስ ቄሳር አይደለም። ከእሱ በኋላ የነገሡትም ስሙን ይዘውታል። በወንጌል የግብሩ ጥያቄ በተነሣበት ዘመን የነበረው ቄሳር ጢባርዮስ ነው።

ዲናር ላይ የምትታየው ክንፍ ያላት ሴት መልአክ አይደለችም። ለእኛ ዓይን መልአክ መምሰሏ ይገባኛል፤ ሚዛን የያዘችውንም ከቅዱስ ሚካኤል ጋር የሚያያይዙ አሉ። ባለ ክንፏ ቪክቶሪያ ናት፣ የድል አምላክ። ባለ ሚዛኗ አኤኲታስ ናት፣ ትክክለኛነትን የምትወክል። የመርከብ መሪ የያዘችው ፎርቱና፣ የወይራ ዝንጣፊ የያዘችው ፓክስ። መጀመሪያ የያዙትን ዕቃ እዩ፤ ፊታቸው ይመሳሰላል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፦ ሥዕሉን እንደ ምስክር መውሰድ። ዲናር ላይ የሚቀረጸው ገዢው ሕዝቡ እንዲያምን የሚፈልገው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ96 የነገሠውን ኔርቫን ተመልከቱ። ዲናሩ ላይ ሁለት እጆች ተጨባብጠዋል፤ ጽሑፉ «የሠራዊቶች ስምምነት» ይላል። ጀማሪው ያንን አይቶ «ሠራዊቱ ይወደው ነበር» ብሎ ይጽፋል። ኧረ የት! በ97 የገዛ ጠባቂዎቹ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከብበው፣ ከእሱ በፊት የነገሠውን የዶሚቲያንን ገዳዮች አሳልፎ እንዲሰጣቸው አስገድደውታል። የንጉሠ ነገሥቱ የካራካላ ሚስት የፕላውቲላ ዲናርም እንዲሁ ነው። ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው «ለዘላለማዊ ስምምነት» ይላል። የተጋቡት በ202 ነው። በ205 በግዞት ተላከች፤ የካራካላ አባት በ211 ሲሞት ካራካላ አስገደላት። «ስምምነት» የሚል ዲናር ስታገኙ፣ በዚያ ሰሞን ማን ከማን ጋር ተጣልቶ እንደነበር ፈልጉ። እኔ ሁሌም ከዚያ ነው የምጀምረው፤ ታሪኩም የሚጥመው እዚያ ላይ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ጠርዙን አገላብጡ። ዲናር በመዶሻ ተመትቶ የሚሠራ ነው፤ ዙሪያውን የመጋጠሚያ መስመር ካለው ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ነው። ከብሩ ሥር መዳብ ብቅ ካለ ግን «የአሁን ዘመን ሐሰተኛ ነው» ብላችሁ አትጣሉት። መዳብ ላይ ብር የተለበጡ ሐሰተኛ ዲናሮች በሮማውያኑ ዘመንም ይሠሩ ነበር።