ባለ እንጨት እጀታ ሴንጢ እንዴት ትያዛለች?

የእንጨት እጀታ ያላት ሴንጢ ካለቻችሁ ከምንም በላይ ከውሃ ጠብቋት። ስለት ቢደንዝ ይሳላል፣ ያበጠ እንጨት ግን ያስቸግራል።

ኦፒኔልን እንውሰድ። ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 ፈረንሳይ ሳቭዋ ውስጥ መሥራት የጀመራት፣ እስከ ዛሬም ብዙ ሰው ኪስ ውስጥ ያለች ሴንጢ ናት። እጀታዋ በአብዛኛው ቢች ከሚባል እንጨት ነው። እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፣ ከዚያ ጥፍራችሁ እስኪነቀል ብትጎትቱም ንቅንቅ አይልም። በጥርስ እንዳትሞክሩት! መጀመሪያ እጀታዋ አንገት ላይ ያለውን መቆለፊያ ቀለበት ወደ ክፍት አዙሩት፤ ከዚያ የእጀታዋን የኋላ ጫፍ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጉ። ብረቱ ትንሽ ብቅ ሲል በጀርባው በኩል ይዛችሁ ክፈቱት፣ ተከፍታም ጥላ ላይ ትድረቅ። ፀሐይና ምድጃ እንጨቱን ይሰነጥቁታል።

ስታጥቧት አትዘፍዝፏት፣ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም አትክተቷት። ብረቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉ፣ መታጠፊያው ሥር ሳይቀር አድርቁ፣ ከዚያ እጠፏት።

ብረቷ የማይዝገው ዓይነት ሳይሆን ካርቦን የሚባለው ከሆነ ሎሚ ወይም ቲማቲም ስትቆርጡ ይጠቁራል። ዝገት አይደለም፣ ተዉት፤ እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ቀይ ቡናማ ሆኖ ጣት የሚያቆሽሸው ነው ዝገቱ። እሱን በቀጭን የብረት ሱፍና በጠብታ ዘይት ፈግፍጉት።

ለመሳል መጀመሪያ ቀለበቱን ቆልፉ፣ ካልቆለፋችሁ ጣታችሁ ላይ ልትታጠፍ ትችላለች። ቀለበቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፣ ትንንሾቹ ግን የላቸውም። ብረቱ መሳያ ድንጋዩ ላይ በየጎኑ 20 ዲግሪ ገደማ ቢያዘነብል ይበቃል። መለኪያ አያስፈልግም፦ ብረቱን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ግማሽ ድረስ አጋድሙ፣ የቀረውንም እንደገና አጋምሱ፣ እዚያው ናችሁ። ከሥሩ እስከ ጫፉ በአንድ ዓይነት ማዘንበል ሳቡ፣ አትጫኑ። በሌላው ጎን ጣታችሁን ከጀርባው ወደ ስለቱ ቀስ አድርጋችሁ ስታሳልፉ እንደ ቀጭን ፀጉር የሚሻክር ነገር ከተሰማችሁ የሳላችሁት ጎን አልቋል፣ ገልብጡ። መጨረሻ ላይ የቀበቶ ቆዳ ላይ ጀርባውን አስቀድማችሁ ጥቂት ጊዜ ጎትቱት።

እጀታው ሲገረጣ ስስ የተልባ ዘይት ቀቡት፣ ትርፉን ጥረጉ። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉት፣ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።