ጠጠሩን ትቶ በረዶውን ማንሳት፦ የጠጠር መንገድ በትራክተር ስኖው ብሎወር እንዴት ይጠረጋል?

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ከሚኒያፖሊስ ከተማ ወደ ሰሜን ነው፤ አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ከሚጀምርበት ገጠር። ከዋናው መንገድ እስከ ቤታችን 300 ሜትር ያህል ጠጠር መንገድ አለ። መጥረጉ የእኛ ፋንታ ነው። ቤቱን ስንገዛ ያየሁት ሰፊውን ግቢ ነበር። መንገዱን በደንብ ያየሁት በረዶ ሲወርድ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። አስፋልት ላይ የሚጠረገው ጥቁሩ እስኪታይ ነው። ጠጠር ላይ ግን እንደዚያ ካደረጋችሁ የምትጠርጉት መንገዱን ራሱን ነው። እዚህ የሚፈለገው ነጭና ጠንካራ የበረዶ ወለል ነው። መኪናው ክረምቱን ሙሉ የሚሄደው በዚያ ላይ ነው።

በኦክቶበር የሚሠራ ሥራ

መሬቱ በብርድ ሳይጠነክር በመንገዱ ግራና ቀኝ ረጃጅም ምልክት እንጨቶች ትከሉ። ከቀዘቀዘ በኋላ መዶሻም አይተክለውም። ጉድጓዶቹን ሙሉ፤ ትልልቅ ድንጋዮችንና ቅርንጫፎችን ልቀሙ። "ገና ነው" አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 በሃሎዊን ዕለት (ኦክቶበር 31) የጀመረው የበረዶ ውሽንፍር ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ላይ 72 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥሎ ነበር። የአካባቢው ሽማግሌዎች ዛሬም ያወሩታል።

ማሽኑን፣ ማለትም በረዶውን ስቦ የሚወረውረውን ስኖው ብሎወር በተመለከተ፣ እኔ ያለኝ ከትራክተሩ ኋላ የሚታሰር፣ ወደ ኋላ እየነዱ የሚሠሩበት ዓይነት ነው። ከፊት የሚታሰረው ለአንገት ይመቻል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። በረዶ የሚገፋ ምላጭ ይበቃል የሚሉም አሉ። ለትንሽ በረዶ እውነት ነው፣ ይፈጥናልም። ነገር ግን የተገፋው በረዶ በመንገዱ ዳር ግድግዳ ይሆናል። ንፋስ ሲመጣ ያ ግድግዳ የሚበነውን በረዶ ይይዝና መንገዱን መልሶ ይሞላዋል። ብሎወሩ ግን ራቅ አድርጎ ይጥለዋል። ሜዳ ላይ ለሚኖር ሰው የእኔ ምክር ብሎወር ነው።

ዋናው ነገር፦ ጫማዎቹ

በማሽኑ አፍ ግራና ቀኝ ከፍና ዝቅ የሚሉ ሁለት የብረት ጫማዎች አሉ። በአፉ ታችኛው ጠርዝ ያለው ምላጭ ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የገዛሁበት ሱቅ ለሲሚንቶ ወለል አስተካክሎ ሰጠኝ። እኔም እንዳለ ይዤው ወጣሁ።

የመጀመሪያው በረዶ በኖቬምበር 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ወረደ። እርጥብ ነበር፤ ከሥሩ ያለው መሬትም ገና ለስላሳ ነበር። አሥር ሜትር እንኳ ሳልሄድ የማሽኑ ድምፅ ተለወጠ። ብረት ውስጥ ድንጋይ ሲንኳኳ ሰማሁ። ከመትፊያው፣ በረዶውን ከሚወረውረው ቱቦ፣ የሚወጣው በረዶም ነጭ መሆኑ ቀርቶ ግራጫ ሆነ። ያኔ ማቆም ነበረብኝ። ትንሽ ልጨርስ ብዬ ቀጠልኩ። አንድ ጠጠር ተወርውሮ የባለቤቴን መኪና የጎን መስታወት አረገፈው። ከደቂቃዎች በፊት ልጃችን እዚያው አጠገብ ቆሞ ነበር። ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይርዳል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በኤፕሪል በረዶው ሲቀልጥ ሣሩ ላይ የተበተነውን ጠጠር በሬክ እየሰበሰብኩ ወደ መንገዱ መለስኩ። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። የመጀመሪያው በረዶ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጭራሽ አልጠርገውም። በመኪናም በትራክተርም እየተመላለስኩ እረግጠዋለሁ። ሌሊቱን ሲበርደው ከጠጠሩ ጋር ተጣብቆ ይደርቃል። ወለሉ ተሠራ ማለት ነው። በረዶው ብዙ ከሆነና መጥረግ ግድ ካለ፣ ምላጩን ከመሬት ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደርጋለሁ።

ልኩን በዓይን ግምት አትሥሩት። ማሽኑን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አውርዱ፤ ሞተሩን አጥፉ። በምላጩ ሥር ግራና ቀኝ እኩል ውፍረት ያላቸው ጣውላዎች አስገቡ። የጫማዎቹን ቡሎኖች አላልታችሁ ጫማዎቹ ወለሉን እስኪነኩ ልቀቋቸውና መልሳችሁ አጥብቁ። የጣውላው ውፍረት ልካችሁ ነው። ቀጥሎ ከትራክተሩ ጋር የሚያያዘውን የላይኛውን ክንድ እዩ። እንደኔ ወደ ኋላ የሚሠራ ማሽን ከሆነ፣ ክንዱን ስታስረዝሙት አፉ አጎንብሶ መሬት ይነክሳል፤ ስታሳጥሩት ቀና ይላል። ለጠጠር ትንሽ ቀና ያለ ይሻላል።

መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ጫማዎቹ ራሳቸው ይሰምጣሉ። ጎረቤቴ፣ ዕድሜውን ሁሉ እዚሁ ያረሰ ሰው፣ አንድ ዘዴ አሳየኝ። የብረት ቱቦ ከዳር እስከ ዳር በቁመቱ ሰንጥቆ ምላጩ ላይ ያለብሰዋል። ድቡልቡሉ ብረት ጠጠሩን ሳይቆፍር ከላዩ ይንሸራተታል። ከሞከርኳቸው ነገሮች ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው።

ወለሉ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ በኋላ ጣውላውን ቀይሬ ልኩን ወደ 2 ሴንቲ ሜትር አወርደዋለሁ። መሬቱ መላላት ሲጀምር መልሼ ከፍ አደርጋለሁ።

ሲጠረግ

ፒቲኦውን (የትራክተሩን ኃይል ወደ ማሽኑ የሚያስተላልፈውን ዘንግ) ማሽኑ በሚፈልገው ፍጥነት አዙሩ፤ አብዛኞቹ በደቂቃ 540 ዙር ነው። ሞተሩ ሲጨነቅ የሚቀነሰው የጉዞው ፍጥነት እንጂ የማሽኑ ዙር አይደለም። ከባድ ማርሽ ያዙና ቀስ በሉ። ንፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ወደሚነፍስበት ጣሉ። መትፊያውን ወደ ቤት፣ ወደ መኪና ወይም ወደ ሰው በፍጹም አታዙሩ። ገና ከመጀመሪያው ቀን ከመንገዱ ስፋት አልፋችሁ ጥረጉ፤ ዳርና ዳሩ በየሳምንቱ እየጠበበ ይመጣል።

እርጥብ በረዶ መትፊያውን ይደፍነዋል። ያኔ ፒቲኦውን አጥፉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ኪስ ውስጥ ክተቱ። ሁሉም ነገር መቆሙን አይታችሁ በእንጨት አውጡት። በእጅ በጭራሽ! ጓንት ጣትን አያድንም። የሚሽከረከረው ዘንግ ሽፋኑ ከተሰበረ ሳትቀይሩ አትሥሩ። ረጅም ሻርፕም አታድርጉ።

ድንጋይ ሲገባ የሚሰበር ሺር ፒን የሚባል ቡሎን አለ። የተሠራው እንዲሰበር ነው፤ እሱ ተሰብሮ ካምቢዮውን ያድናል። አምስት ስድስት መለዋወጫ ትራክተሩ ውስጥ ይኑራችሁ። ጠንካራ ቡሎን በቦታው አስገብቶ መገላገል ያምራል፤ ግን ቀጥሎ የሚሰበረው ካምቢዮው ነው። በዓመት አንዴ ደግሞ ፒኑን አውጥታችሁ በረዶውን ወደ ውስጥ የሚስበውን ጠመዝማዛ በእጅ አዙሩት፤ ግራሶም ስጡት። ዝጎ ከዘንጉ ጋር ከተጣበቀ ፒኑ ቢኖርም ባይኖርም አንድ ነው።

የመጨረሻው ቦታ የመንገዱ አፍ ነው። የመንግሥት መኪና ዋናውን መንገድ ሲጠርግ ክምር ትቶ ያልፋል። በዚያው ቀን አንሱት፤ ካደረ ሲሚንቶ ነው። በረዶውን ወደ ዋናው መንገድ መጣል ሚኒሶታ ውስጥ በሕግ ክልክል ነው። ወደ ግቢያችሁ፣ ከቦዩ አሻግራችሁ ጣሉት። ቦዩ ከተዘጋ ውሃው መሄጃ ያጣና መንገዱ በኤፕሪል ጭቃ ይሆናል።

ስትጨርሱ ውስጡ የቀረው በረዶ እንዲወጣ ማሽኑን አንድ ደቂቃ ባዶውን አዙሩት። ከዚያ ጣውላ ላይ አሳርፉት፤ መሬት ላይ ካደረ ጫማዎቹ ይጣበቃሉ። በብርድ የማይረጋውን የክረምት ናፍታ መሙላታችሁን አረጋግጡና የሞተር ማሞቂያውን ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ግቡ።