የሆሎግራፊ ቶሞግራፊ ምስል ሲበላሽ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ሆሎግራፊ ቶሞግራፊ ሕዋስን ቀለም ሳይቀባ በባለ ሦስት አውታረ መጠን ምስል ያሳያል። ብርሃን ከብዙ አቅጣጫ ይላካል፤ በየአቅጣጫው አንድ ሆሎግራም፣ ማለትም በናሙናው ያለፈው ጨረር ናሙናውን ካልነካ ሌላ ጨረር ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው የመስመሮች ምስል፣ ይነሳል፤ ኮምፒውተሩ ሁሉንም አዋህዶ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን የብርሃን ስብራት መጠን (ነገሩ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያዘገይ) ያሰላል። ውጤቱ ሲበላሽ ብዙ ሰው ፕሮግራሙን ይወቅሳል። እኔ ጥሬውን ሆሎግራም ሳላይ ምንም አልነካም።

የሆሎግራሙ መስመሮች ደብዝዘዋል? አንድ ነገር ይንቀጠቀጣል፣ አለዚያም የሁለቱ ጨረሮች መንገድ እኩል አይደለም። ማራገቢያ ያለውን ዕቃ ሁሉ ከጠረጴዛው አውርዱ፤ ካልተሻለ የመንገዶቹን ርዝመት አስተካክሉ።

ሕዋስ በሌለበትም ቀለበት ይታያል? አቧራ ነው። ናሙናውን ትንሽ ገፋ አድርጉት። ቀለበቱ አብሮ ከሄደ ስላይዱን አጽዱ፤ ከቆመ ቆሻሻው ሌንሱ ወይም ካሜራው ላይ ነው። የቀረውን ለማስወገድ ሕዋስ የሌለበትን ፈሳሽ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ምስል አንስታችሁ ከሕዋሱ ምስል ላይ ቀንሱ።

ሕዋሱ መሀል ላይ ገደል ያለው ይመስላል? የብርሃኑ መዘግየት ከአንድ ሙሉ ሞገድ አልፏል፤ ሰዓት ከ12 በኋላ ወደ 1 እንደሚመለሰው ቆጠራው እንደገና ጀምሯል። ውፍረቱ 20 ማይክሮሜትር የሆነ፣ የስብራት መጠኑ በዙሪያው ካለው ፈሳሽ በ0.04 የሚበልጥ ሕዋስ ብርሃኑን በ800 ናኖሜትር ያዘገያል፤ የአረንጓዴው ሌዘር ሞገድ ርዝመት ግን 532 ናኖሜትር ብቻ ነው። የተጠቀለለውን ፌዝ (እንደገና የጀመረውን የመዘግየት ቆጠራ) የሚፈታውን ስሌት አስገቡ። ካልበቃ ለሕዋሱ የማይጎዳ እንደ አዮዲክሳኖል ያለ ነገር ጨምራችሁ የፈሳሹን የስብራት መጠን ወደ ሕዋሱ አቅርቡት።

ብዙ ሰው የሚያደናግረው ግን ክቡ ሕዋስ በብርሃኑ አቅጣጫ ተጎትቶ እንቁላል ሲመስል ነው። መሣሪያው አልተበላሸም። ሌንሱ የሚይዛቸው አቅጣጫዎች ውሱን ስለሆኑ በብርሃኑ ዘንግ ዙሪያ ያለው የመረጃ ሾጣጣ ባዶ ይቀራል፤ ቅርጹ ይረዝማል፣ የስብራት መጠኑም ከእውነተኛው ያንሳል። መፍትሄው «የሕዋሱ የስብራት መጠን ከፈሳሹ አያንስም» የሚል ገደብ ሰጥቶ ስሌቱን ደጋግሞ ማስኬድ ነው። ገደቡን በጭፍን አትመኑ፤ በአንዳንድ ባክቴሪያዎች ውስጥ ያለው የጋዝ ከረጢት የስብራት መጠኑ ከውሃም ያንሳል፣ ስሌቱም ከረጢቱን ያጠፋዋል። ጥርጣሬ ካላችሁ መጠኗ የታወቀ ክብ የፖሊስታይሪን እንክብል ዘይት ውስጥ ነክራችሁ ምስሏን አንሱ፤ እርሷም ከረዘመች ጥፋቱ የሕዋሱ አይደለም።

ቅርጹ ትክክል ሆኖ ቁጥሮቹ ሁሉ በእኩል ከፍ ወይም ዝቅ ካሉ፣ ያስገባችሁት የፈሳሹ የስብራት መጠን ስህተት ነው። መሣሪያው የሚለካው በሕዋሱና በፈሳሹ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። የውሃውን 1.333 ለሕዋስ ማሳደጊያ ፈሳሽ አትዋሱ፤ ራሱን ፈሳሹን፣ ምስሉ በተነሳበት ሙቀት ለኩት።