አንድ ጊዜ ተነሳ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፦ አዲስ የገጣጠምነው ኮምፒውተር ሲነሳ ሲወድቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ለታናሽ እህቴ ኮምፒውተር ገጣጠምኩላት። ፕሮሰሰሩ፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ማዘርቦርዱና ጊዜያዊ ማስታወሻው ራሙ ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ መጡ። ኬዙንና ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ እዚሁ አዲስ አበባ ገዛን። ቅዳሜ ከሰዓት ገጣጥሜ ጨረስኩ፣ ዊንዶውስ 11 ጫንኩ፣ ቡና ተፈላ፣ ተመሰጋገንን። ሰኞ ጠዋት ደወለች። "ሊነሳ ሲል ሰማያዊ ነገር አሳየኝና ጠፋ። መልሼ ሳበራው ግን ተነሳ" አለችኝ።

ሰውን የምታሳብደው ይቺ "መልሼ ሳበራው ተነሳ" የምትለው ነገር ናት። ጭራሽ አልነሳም ያለ ኮምፒውተር ይሻላል፤ ቢያንስ ያስተካከላችሁት ዕለት ታውቁታላችሁ። አንዴ የሚነሳ አንዴ የሚወድቅ ግን ባለሙያ ፊት ሲቀርብ ጨዋ ይሆናል። ቤት ስትመልሱት ይጀምረዋል። ከታች የምዘረዝራቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን በእህቴ ኮምፒውተር ላይ ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ፎርማት ይደረግ!

እኛ ዘንድ ለኮምፒውተር በሽታ ሁሉ የመጀመሪያው መድኃኒት ፎርማት ነው። ዓመታት ያገለገለ፣ ፕሮግራም የታጨቀበት ላፕቶፕ ከሆነ አንዳንዴ ያድናል። ትናንት ዊንዶውስ የተጫነበት አዲስ ማሽን ላይ ግን ምኑን ሊያጸዳ ነው? እኔ ሁለት ጊዜ ፎርማት አደረግኩት። ሁለቱንም ጊዜ በሦስተኛው ቀን ወደቀ።

ጉዳቱ የጊዜ ብቻ አይደለም። ማስረጃም ይጠፋል። ዊንዶውስ ከባድ ስህተት ገጥሞት ሰማያዊውን ስክሪን ሲያሳይ ብዙውን ጊዜ ሚኒደምፕ የሚባል ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል፤ ስለ አወዳደቁ የሚናገረው እሱ ነው። ፎርማት ስታደርጉ አብሮ ይሄዳል። ደግሞም ችግሩ ራም ከሆነ፣ በታመመ ራም የተጫነ ዊንዶውስ ፋይሎቹ ገና ሲገለበጡ ሊበላሹ ይችላሉ። ያኔ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ሆነ ማለት ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ "የት ላይ ነው የሚወድቀው?" ነው። የማዘርቦርዱ ምልክት እንኳ ሳይታይ የሚወድቅ ከሆነ ዊንዶውስ ገና ቦታው ላይ አልደረሰም፤ አትውቀሱት። ብዙ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ጠርዛቸው ላይ ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስ ካርድና ለዲስክ አራት ትንንሽ መብራቶች አሏቸው። ማሽኑ ሲቆም የትኛው በርቶ እንደቀረ እዩ። ሰማያዊው ስክሪን ብልጭ ብሎ የሚጠፋባችሁ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ ውስጥ "አውቶማቲካሊ ሪስታርት" የሚለውን ምርጫ አጥፉት። ያኔ ጽሑፉ እስክታነቡት ይቆያል።

"41" የሚል አይቶ ፓወር ሰፕላይ መግዛት

ኢቨንት ቪወርን፣ የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ፣ የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ከርነል ፓወር 41 የሚል ቀይ ምልክት ነው። "ፓወር" የሚል ቃል ስላለበት ብዙ ሰው ሮጦ ፓወር ሰፕላይ ይገዛል። 41 ግን የሚናገረው ውጤቱን ነው፣ "ባለፈው በሥርዓት አልተዘጋሁም" ይላል። መብራት ቢሄድም፣ ማሽኑ ደርቆ ቁልፉን ተጭናችሁ ብታጠፉትም ያው 41 ይጻፋል።

ዝርዝሩን ክፈቱትና በግቼክ ኮድ የሚለውን መስመር ፈልጉ። 0 ከሆነ ዊንዶውስ ስህተት ለመመዝገብ ጊዜ አላገኘም፤ ድንገት ተቋርጧል ወይም ደርቋል። ኤሌክትሪክ፣ ኬብልና ፓወር ሰፕላይ የሚጠረጠሩት ያኔ ነው። ቁጥር ካለ ግን እሱ ራሱ የሰማያዊው ስክሪን ኮድ ነው፣ በተለመደው አቆጣጠር ተጽፎ። 292 ከሆነ ሃርድዌሩ ራሱ "ተሳሳትኩ" ብሏል። 26 ከሆነ ነገሩ ሜሞሪ አካባቢ ነው። በየጊዜው የተለያየ ቁጥር የሚመጣ ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሙን ነው። የአንድ ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ የሚያግባባ ፕሮግራም) ስህተት ብዙውን ጊዜ ራሱን ይደግማል።

ተነሳ፤ እልል!

ትልቁ ስህተት ይኼ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አንድ ኬብል ነቅላችሁ ሰካችሁ። አበራችሁት፣ ተነሳ። "አገኘሁት!" አላችሁ። እስቲ እናስላው። ኮምፒውተሩ ከ5 ጊዜ 1 ጊዜ የሚወድቅ ነው እንበል። ምንም ሳትነኩትም ቢሆን ቀጥሎ በደህና የመነሳት ዕድሉ 80 በመቶ ነው። ስለዚህ ያ አንድ መነሳት ስለ ኬብሉ የነገራችሁ ነገር የለም። 10 ጊዜ በተከታታይ ቢነሳ እንኳ፣ ሳይድን በዕድል ብቻ ያንን ያህል የመሄድ ዕድሉ 11 በመቶ ያህል ነው። 15 ጊዜ ሲሞላ ወደ 3.5 በመቶ ይወርዳል። እኔ ከ15 ጊዜ በታች "ዳነ" ማለት ትቻለሁ።

ስለዚህ ደብተር ያዙ። ቀልዴን አይደለም። ቀን፣ ሰዓት፣ ጠፍቶ ቆይቶ ነው የተነሳው ወይስ ሪስታርት ነው፣ ምን አሳየ፣ ምን ቀይረን ነበር። መጀመሪያ ሳትነኩት በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚወድቅ ቁጠሩ። ከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ባዮስ (የማዘርቦርዱን የራሱን ማስነሻ ፕሮግራም) አድሳችሁ፣ ራም ነቅላችሁ፣ ድራይቨር ቀይራችሁ በአንድ ማታ ብትጨርሱና ቢስተካከል፣ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም። ዕቃው ከዱባይ ወይም ከዋሺንግተን በሻንጣ የመጣ ሲሆን ይኼ የገንዘብ ጉዳይም ነው። ዋስትናው ያለው እዚያ ነው። ደህናውን ራም ልካችሁ የታመመውን ማዘርቦርድ ይዛችሁ ብትቀሩ ሰው መላኩ በራሱ ሌላ ወጪ ነው።

እህቴ ደብተር ያዘች። በሁለተኛው ሳምንት ገጹን ስናየው አንድ ነገር ፈጠጠ፦ የወደቀው ሁልጊዜ ጠዋት ነው፣ የዕለቱ የመጀመሪያ መነሳት ላይ። ከሰዓት አንድም ጊዜ አልወደቀም።

ሻት ዳውንና ሪስታርትን አንድ አድርጎ ማየት

ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርታፕ የሚባል ነገር አለ። እሱ ሲበራ ሻት ዳውን ስትሉ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። የውስጡን ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ ከዚያው ያነሳዋል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራል። ነገሩ ግራ ያጋባል፣ አውቃለሁ፤ ሙሉ ዕረፍት የሚሰጠው ሪስታርቱ ነው።

ስለዚህ ጠዋት ብቻ የሚወድቅ ኮምፒውተር ሁለት ተጠርጣሪ አለው። አንዱ ከትናንት የተቀመጠው ነገር ከድራይቨር ጋር አልስማማ ብሎ ነው። ሌላው ዕቃው ሲቀዘቅዝ የሚታመም ነገር አለ። ለመለየት ፋስት ስታርታፕን ከፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ አጥፉት። ወይም ሺፍት ቁልፍን ተጭናችሁ ሻት ዳውን በሉት፤ ያኔ በትክክል ይዘጋል። የእህቴ ካጠፋነው በኋላም ወደቀ። ቀረን ቅዝቃዜው።

የራሙን ካርቶን ማመን

ካርቶኑ ላይ የራሙ ፍጥነት 6000 ነው ይላል። ሰው ይገዛል፣ ባዮስ ገብቶ ራሙን በካርቶኑ ፍጥነት የሚያስኬደውን ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን ያበራል፣ 6000 ሆነልኝ ብሎ ይደሰታል። ያ ቁጥር ግን የራሙ አምራች የሰጠው ተስፋ ነው። የፕሮሰሰሩ አምራች ቃል ሌላ ነው። ለምሳሌ ኤኤምዲ ለራይዘን 7000 ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚያረጋግጠው ዲዲአር5 የተባለውን የራም ዓይነት በ5200 ነው። አራት ራም ከሰካችሁ ደግሞ ወደ 3600 ይወርዳል። ከዚያ በላይ ያለው ኦቨርክሎክ፣ ማለትም ከተረጋገጠው በላይ ማስሮጥ ነው። አብዛኛው ይሠራል፤ የእናንተ ግን ላይሠራ ይችላል። ችግር ያለበት ማሽን ላይ የመጀመሪያው ሙከራ ይህንን አጥፍቶ ጥቂት ቀን ማየት ነው። ወጪ የለውም።

ራም ሁለት ከሆነ ከፕሮሰሰሩ ጀምራችሁ ስትቆጥሩ 2ኛውና 4ኛው ቦታ ላይ ነው የሚገባው፤ ብዙዎቹ ባለ አራት ቦታ ማዘርቦርዶች የሚሉት ይህንን ነው። አንዱን ራም ከዚህ፣ አንዱን ከውጭ ገዝቶ መደባለቅም ችግር ያመጣል፣ ስማቸው አንድ ቢሆንም እንኳ።

ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት86ን ፍላሽ ላይ ጭናችሁ አራቱንም ዙር አስኪዱት። ሰዓታት ይፈጃል፣ መብራት እንዳይሄድባችሁ ጸልዩ። አንዲት ስህተት ከታየች በቂ ናት፣ "አንድ ብቻ ነው" ብሎ ማለፍ የለም። ግን ንጹሕ ነው ቢልም ሙሉ በሙሉ አትመኑት። እኔ የሞከርኩት ማታ ነበር፣ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ሞቆ። ንጹሕ ነው አለኝ። አመንኩት። አንድ ሳምንት አባከንኩ።

ጥቁር ስክሪን አይቶ መደንገጥ

አጭር ነገር ነው። ዲዲአር5 ያለው ማሽን መጀመሪያ ሲበራ፣ ወይም ባዮሱ ሲታደስ፣ ራሙን ይለማመዳል። ስክሪኑ ደቂቃዎች ጥቁር ሊሆን ይችላል። ተደናግጦ ሶኬት የሚነቅል ሰው ልምምዱን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል፣ ከዚያ "ይኸው አይነሳም" ይላል። ቁጭ ብላችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ።

ኬብል መደባለቅ

ይኼኛው አደገኛ ነው። ኬብሎቹ የሚነቀሉ ፓወር ሰፕላይ ካላችሁ፣ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል አትሰኩበት። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የገመዶቹ አሰላለፍ ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ልክ ይገባል፣ ኤስኤስዲውን ግን ሊያቃጥል ይችላል።

የራሱን ኬብልም ቢሆን እስከ መጨረሻው ግፉት። ባለ 24ቱ ትልቁ ኬብልና ከላይ ጥግ ላይ ያለው የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ኬብል ብዙ ጊዜ ግማሽ ገብተው ይቀራሉ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ባዮስን ጨርሶ አለመንካት፣ ወይም በማይሆን ሰዓት መንካት

መደርደሪያ ላይ ወራት የቆየ ማዘርቦርድ አሮጌ ባዮስ ይዞ ነው የሚመጣ። ይኼ ተራ ነገር አይደለም። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ እየጠየቁ ቀስ በቀስ ይጎዱ ነበር። ምልክቱም ይኸው ምክንያቱ ያልታወቀ መውደቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል ማስተካከያውን በማይክሮኮድ፣ በፕሮሰሰሩ ውስጣዊ መመሪያ፣ አወጣ፤ ወደ ተጠቃሚው የሚደርሰው በባዮስ እድሳት ነው። ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ። እድሳቱ ግን አስቀድሞ የተጎዳውን አይፈውስም፤ ያገለገለ ፕሮሰሰር የምትገዙ ይህን ያዙ።

እድሳቱን ስታደርጉ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል። ዩፒኤስ ከሌላችሁ፣ ሰፈራችሁ መብራት የማይሄድበትን ሰዓት ታውቁታላችሁ።

ግድግዳውን መርሳት

ኮምፒውተሩን ፈታትተን ስንጨርስ ሶኬቱን ያየ የለም። ከአንድ ዲቫይደር ላይ ምጣድ፣ ፍሪጅና ኮምፒውተር ተሰክቶ ምጣዱ ሲበራ ማሽኑ የሚጠፋበት ቤት አይቻለሁ። ዩፒኤስም ሰበብ ሊሆን ይችላል። 650 ቪኤ የሚል ትንሽ ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት አይበልጥም፤ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ያልፈዋል። ለሙከራ ሌላ ክፍል ውስጥ፣ ሌላ ሶኬት ላይ፣ በቀጥታ ሰክታችሁ ጥቂት ቀን እዩት።

ትንንሾቹ

የኬዙ ሪስታርት ቁልፍ ተጣብቆ ማሽኑን ራሱ የሚያስነሳበት ጊዜ አለ፤ ከማዘርቦርዱ ላይ ገመዱን ንቀሉት፣ ምንም አይጎድልባችሁም። ከማዘርቦርዱ ሥር የብሎን ቀዳዳ በሌለበት ቦታ የቀረ የብረት ማቆሚያ ካለ ቦርዱን ነክቶ ሾርት ያደርጋል። ግራ ሲገባችሁ ሁሉንም አውጥታችሁ የማዘርቦርዱ ካርቶን ላይ፣ በአንድ ራም ብቻ አስነሱት። ለማብራት ሁለቱን የፓወር ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ ነካ ማድረግ ይበቃል። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ሥር ያለውን ፕላስቲክ ያልላጠ ሰው ደግሞ አለ። ማን እንደሆነ አልናገርም፣ በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ኮምፒውተር ነው።

የእህቴን በመጨረሻ ያገኘሁት በእሑድ ጠዋት ነው፣ ሳላበራው፣ እንደቀዘቀዘ። ጎኑን ከፈትኩና በስልኬ መብራት ራሞቹን ከጎን አየኋቸው። የዚህ ማዘርቦርድ የራም ቦታዎች መቆለፊያቸው በአንድ ጫፍ ብቻ ነው። በዚያ በኩል ቀጭ ብሎ ተቆልፏል። በሌላው ጫፍ አንደኛው ራም አንድ ሚሊሜትር ያህል ብድግ ብሎ ነበር። ሲሞቅ ይነካል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። በአውራ ጣቴ ገፋሁት። ምንም አልተገዛም።

ለእህቴ "ዳነ" አላልኳትም። "ደብተሩን ቀጥዪ" አልኳት። ዛሬ ጠዋት 22ኛውን መስመር ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፦ "ተነሳ። አሁንስ ይበቃል?"